የአረንጓዴ አየር ንብረት ፈንድ ገለልተኛ ግምገማ፦ ዕቅዱ እንዴት ይወጣል? አዲስ አበባስ ምን ድርሻ አላት?

ታዳጊ አገሮች የአየር ንብረት ለውጥን እንዲቋቋሙ ገንዘብ የሚሰጠው የአረንጓዴ አየር ንብረት ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሜክሲኮ፣ ካንኩን ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ተቋቋመ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደቡብ ኮሪያ፣ ሶንግዶ ውስጥ ነው። የሚመራው 24 አባላት ባሉት ቦርድ ነው። ግማሾቹ ከታዳጊ፣ ግማሾቹ ካደጉ አገሮች የመጡ ናቸው።

ለእኛ ሩቅ አይደለም። የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ከፈንዱ በቀጥታ ገንዘብ ለመቀበል ዕውቅና አግኝቷል። ቦርዱ በ2017 ካይሮ ላይ ተሰብስቦ ለድርቅ መቋቋሚያ ፕሮጀክት 45 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። መንግሥት 5 ሚሊዮን ጨመረበት። ሥራው በሶላር የሚሠራ የውሃ አቅርቦትን፣ የተጎዳ መሬት እንዲያገግም ማድረግንና የሴቶችን ተጠቃሚነት ያካትታል። እንግዲህ የዚህ ዓይነት ገንዘብ ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን የሚያየው ማነው?

መልሱ ሁለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ይምታታል። የእያንዳንዱን ፕሮጀክት የአጋማሽና የማጠናቀቂያ ግምገማ የሚያስጠናው ገንዘቡን የተረከበው ተቋም ራሱ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የፈንዱ ገለልተኛ የግምገማ ክፍል አለ። ይህ ክፍል አንድን ፕሮጀክት ብቻ ሳይሆን የፈንዱን አሠራር በጠቅላላ ይመረምራል። ኃላፊውን የሚመርጠው ቦርዱ ነው። ኃላፊው ሪፖርት የሚያደርገውም ለቦርዱ እንጂ የዕለት ተዕለት ሥራውን ለሚያካሂደው የፈንዱ ጽሕፈት ቤት አይደለም።

ግን ገለልተኛነት በመዋቅር ብቻ አይመጣም። የሚለየው ዕቅድ ላይ ነው። ምን ይጠና? መቼ ይጠና? በማን ገንዘብ? ጽሕፈት ቤቱ እነዚህን ሦስቱን ቢወስን ኖሮ የሚገመገመው አካል የራሱን ፈተና አወጣ ማለት ነበር። ስለዚህ የግምገማው ክፍል የሥራ ዕቅዱንና በጀቱን ራሱ ያዘጋጃል። የሚያጸድቀውም ቦርዱ ነው። በጀቱ ከጽሕፈት ቤቱ የአስተዳደር በጀት ተለይቶ ይቀርባል። ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ነገር ይሄ ነው። በጀት በእጁ የሌለው ገምጋሚ የሚያስከፋ ጥያቄ ለማንሳት ይቸገራል።

ርዕስ መምረጥ ከባድ ሥራ ነው። ቦርዱ የሚጠብቃቸው ውሳኔዎች አሉ። አገሮች ቅሬታ ያቀርባሉ። ገንዘብ የሚሰጡ መንግሥታት ደግሞ ቀጣዩን ዙር ከማዋጣታቸው በፊት ውጤት ማየት ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው አጠቃላይ የአፈጻጸም ግምገማዎቹ ከገንዘብ ማሰባሰቢያው ዙር ጋር የሚገጣጠሙት። የመጀመሪያው በ2019፣ ሁለተኛው በ2023 ወጥቷል። በመሃል በአገሮች ስብስብ የተደረጉ ግምገማዎች አሉ። በ2020 ትናንሽ የደሴት አገሮች፣ በ2022 በኢኮኖሚ ዕድገት ወደ ኋላ የቀሩ አገሮች፣ በ2023 ደግሞ የአፍሪካ አገሮች ታይተዋል። ኢትዮጵያ የኋለኞቹ ሁለት ስብስቦች አባል ናት።

ርዕሱ ከጸደቀ በኋላ የአካሄድ ሰነድ ይዘጋጃል። ጥያቄዎቹ፣ የመረጃ ምንጮቹና ለኬዝ ስተዲ የሚመረጡት አገሮች እዚያ ላይ ይሰፍራሉ። መለኪያዎቹ ቀድመው የተቀመጡ ናቸው። አግባብነት፣ ውጤታማነት፣ ዘላቂነት፣ የጾታ እኩልነት ይታያሉ። የአገር ባለቤትነትና ያልታሰቡ ውጤቶችም አሉበት። ረቂቁ ሲያልቅ ጽሕፈት ቤቱ የማኔጅመንት ምላሽ ይጽፋል። ሪፖርቱን ማስቀየር ግን አይችልም።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የግምገማው ክፍል የሥራ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ ላይ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያ ቀልቡ ሒሳብ መዝጋት ላይ ነው። ያኔ ለቃለ መጠይቅ ቀጠሮ የያዘ ቡድን ምን ያገኛል? ሰውዬው ስብሰባ ላይ ይሆናል፤ በእሱ ፋንታ ጉዳዩን በወሬ የሚያውቅ ሰው ይላካል። ሐምሌ ደግሞ አዲሱ በጀት ይከፋፈላል። ጷጉሜንና የአዲስ ዓመት ሰሞንም ሥራ ይቀዘቅዛል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የተሻለ ይመስለኛል። ሰው ቢሮው ይገኛል፣ ያለፈው ዓመት ሪፖርትም ተጠናቅሮ እጁ ላይ ነው።

የመስክ ጉዞው ጊዜ ከቢሮው ቀጠሮ ይበልጥ ያሳስባል። የሶላር ፓምፕ በዝናብ ወራት ቢጎበኝ ጥሩ ይመስላል። ኩሬው ሞልቷል፣ ወረፋ የለም፣ ቢበላሽም ብዙም የሚጨነቅ የለም። ፓምፑ የሚፈተነው ኩሬው ሲደርቅ፣ ከብቱም ሰውም አንድ ቧንቧ ላይ ሲሰለፍ ነው። ዝናቡም አገሩን ሙሉ በአንድ ጊዜ አይመታም። ሰሜንና መካከለኛው አገር ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ቦረና ላይ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል። በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ልይ ያለ ቡድን አንዱን ያለ ወቅቱ ያየዋል። ይህ ዕቅዱ ላይ ካልገባ በኋላ የሚስተካከል አይደለም፤ የአውሮፕላን ቲኬቱም የአማካሪዎቹ ውልም ቀኑ ተቆርጦለታል።

ከዚህ ከተማ ሌላም የሚጠበቅ አለ። የአካሄድ ሰነዱ ከመዘጋቱ በፊት የአገር ጥያቄ መግባት አለበት። ገንዘቡ ከጸደቀ በኋላ ወረዳ ለመድረስ ስንት ወር ፈጀ? መዘግየቱ የፈንዱ ነው ወይስ የእኛ? የመለዋወጫ ዕቃ ማን ይገዛል? ፕሮጀክቱ ሲያበቃ የፓምፑ ጥበቃ ደመወዝ ከየት ይመጣል? እነዚህን የሚያውቁት እዚህ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ሶንግዶ ተቀምጦ አይታሰቡም። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ አስተያየት የሚሰጠው ረቂቅ ሪፖርቱ ሲመጣ ነው። ያኔ ቁጥር ማረም ይቻላል፤ ጥያቄ መቀየር ግን አይቻልም። የወረዳ ባለሙያዎች ድምፅ ደግሞ አዲስ አበባም ሳይደርስ ይቀራል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ፓምፑ የቆመበትን ቀን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጊዜው አሁን ነው። የፈንዱ ሁለተኛ የገንዘብ ዙር ከ2024 እስከ 2027 ድረስ ነው። በዚያው በ2027 አዲስ አበባ 32ኛውን የዓለም አየር ንብረት ጉባኤ ታስተናግዳለች። ስለ ቀጣዩ ዙር የሚደረገው ክርክር ከጉባኤው ሰሞን ጋር ይገጣጠማል። ለዚያ የሚሆን የመስክ መረጃ ጉባኤው ሲደርስ አይሰበሰብም። ከዚያ በፊት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ውሃው ሲያጥር፣ ወረዳ ላይ መሰብሰብ አለበት።