የራስን ታሪክ ለለውጥ መንገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደል የደረሰበት ሰው ታሪኩን በማኅበራዊ ሚዲያ ሊናገር ሲነሣ መካሪው ይበዛል። የተሳሳተ ምክር ግን የሚጎዳው መካሪውን ሳይሆን ባለታሪኩን ነው።

«ሁሉንም ካልተናገርክ ማንም አያምንህም።»

ከሁሉም አብዝቶ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ለመታመን ሲባል ቁስልን ሁሉ በአደባባይ መግለጥ ግዴታ አይደለም። አንድ ቀን፣ አንድ ደጃፍ፣ በዚያ ደጃፍ የተሰጠ አንድ መልስ በግልጽ ከተነገረ አንባቢ ሌላውን ይረዳዋል። ምን እንደሚነገርና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ባለታሪኩ ብቻ ነው፤ መተውም መዋሸት አይደለም። ደግሞም ታሪኩ ውስጥ እናት፣ እኅት፣ የሥራ ባልደረባ ይኖራሉ። ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከመውጣቱ በፊት ፈቃዳቸው ይጠየቅ። «በኋላ አጠፋዋለሁ» ማለት አያዋጣም፤ ከገጹ የተሰረዘው ጽሑፍ በሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ተቀድቶ ሊቀር ይችላል።

«ስሙን የደበቀ ሰው አይሰማም።»

ማላላ ዩሳፍዛይ እ.ኤ.አ. በ2009 በፓኪስታን ስዋት ሸለቆ ታሊባን ሴት ልጆችን ከትምህርት ሲያግድ ለቢቢሲ ኡርዱ የዕለት ማስታወሻ የጻፈችው «ጉል መካይ» በሚል የብዕር ስም ነበር። ያኔ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። የብዕር ስሙ ጠበቃት እንጂ ድምፅዋን አላፈነውም።

«ሚሊዮኖች ካዩት ለውጥ መጣ ማለት ነው።»

እ.ኤ.አ. በ2012 ሕፃናትን እያፈነ ለውትድርና በማሰለፍ ስለሚከሰሰው የኡጋንዳ አማፂ መሪ ጆሴፍ ኮኒ የተሠራው ቪዲዮ በስድስት ቀን 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ። ግቡ ሰውየው በዚያው ዓመት እንዲያዝ ነበር፤ ዓመቱ ግን እርሱ ሳይያዝ አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው የበረዶ ባልዲ ዘመቻ በአንጻሩ ተመልካቹን የሚጠይቀው ነገር ግልጽ ነበር፦ ውኃውን በራስህ ላይ አፍስስ፣ ገንዘብ ለግስ፣ ሌሎችንም ጋብዝ። ኤ.ኤል.ኤስ. ለተባለው የነርቭ በሽታ የሚሠራው የአሜሪካ ማኅበር ብቻ 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። እንባ ያራጨ ታሪክ የትኛው ደንብ ይሻሻል፣ ደብዳቤው ለማን ይጻፍ የሚለውን ካልነገረ፣ ያዘነው ሰው ማድረግ የሚችለውን ሳያውቅ ይሄዳል።

«ሚ ቱ በአንድ ሌሊት በሃሽታግ ተወለደ።»

አሜሪካዊቷ የመብት ተሟጋች ታራና በርክ «ሚ ቱ» (እኔም) የሚለውን ቃል ለንቅናቄዋ መጠቀም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከወሲባዊ ጥቃት የተረፉ ልጃገረዶችን ፊት ለፊት እያገኘች ትሠራ ነበር። ሃሽታጉ ዓለምን ያዳረሰው በጥቅምት 2017፣ ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

«ለሚሳደብ ሁሉ መልስ መስጠት ይገባል።»

አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አስተያየቶቹን የሚታመን ወዳጅ ያንብባቸው፤ ዛቻዎቹን በማስረጃነት ያስቀምጥ፤ ባለታሪኩ ይተኛ።