ሲዲ ሙመን፦ የካዛብላንካ ምሥራቃዊ ዳርቻና ወጣቶቹ

ሲዲ ሙመን በሞሮኮ ትልቁ ከተማ በካዛብላንካ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከሲዲ በርኑሲ ፋብሪካዎች አጠገብ የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 290 ሺሕ የነበረው ነዋሪ በ2014 ቆጠራ ከ450 ሺሕ በላይ ሆኗል።

ሰፈሩን የቆረቆሩት ድርቅና የሥራ ፍለጋ ከገጠር ያመጣቸው ቤተሰቦች ናቸው። የቆርቆሮ መንደሮቹ «ካሪያን» ይባላሉ፤ ቃሉ የድንጋይ ካባ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ካሪያን ቶማና ስኩይላ በስም የታወቁት ናቸው።

ሜይ 16 ቀን 2003 ምሽት አጥፍቶ ጠፊዎች በመሀል ከተማ የስፔናውያን ክበብን፣ ሆቴል ፋራህን፣ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤትን፣ የአይሁድ ማኅበረሰብ ማእከልንና የአይሁድ መካነ መቃብርን ዒላማ አደረጉ። 33 ሰዎች ተገደሉ፤ ከአጥቂዎቹም 12ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ የሲዲ ሙመን ልጆች ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። ድህነት ነው ወይስ የአክራሪዎች ስብከት የገፋፋቸው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በእነዚያው ጠባብ መንገዶች ያደጉ እልፍ ወጣቶች ግን ያን መንገድ አልመረጡም፤ የሰፈሩ ስም በጥቂቶች ሥራ መታወቁ ፍትሕ አይደለም። በ2007 ደግሞ እዚያው ሲዲ ሙመን ውስጥ በአንድ የኢንተርኔት ካፌ ፍንዳታ ደረሰ።

መንግሥት በ2004 የቆርቆሮ ሰፈሮችን የማስወገድ ፕሮግራም፣ በ2005 ብሔራዊ የሰው ልማት እቅድ አወጀ። በካዛብላንካ በተሠራበት አንድ ዘዴ ሁለት ቤተሰቦች አንድ የቤት መሥሪያ ቦታ በጋራ ያገኛሉ፤ ገንዘብ ያለው ሦስተኛ ሰው ሕንፃውን ያቆምና ከወለሎቹ ድርሻውን ይወስዳል። ችግሩ ያለው ቦታ የሚገባቸው ቤተሰቦች ቆጠራ ላይ ነው። በአንድ ጎጆ ከወላጆቹ ጋር የኖረ ባለትዳር ልጅ ከእነሱ ጋር እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራል ወይስ ራሱን እንደቻለ ቤተሰብ? ብዙ ክርክር ያስነሣ ጥያቄ ነው።

በ2012 መጨረሻ የተከፈተው ትራም ሲዲ ሙመንን ከመሀል ከተማ ጋር አገናኘ። ሥራው ግን በዚያው ፍጥነት አልመጣም። በ2024 በመላ አገሪቱ ከ15 እስከ 24 ዓመት ባሉት ዘንድ ሥራ አጥነት 36.7 በመቶ ነበር። ስለዚህ አንዱ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ ይቸረችራል፤ እንዲህ ያሉትን ነጋዴዎች «ፈራሻ» ይሏቸዋል። ሌላው በሦስት እግር ሞተር ዕቃ ያመላልሳል። ሌላው «ሕሪግ» ያልማል፤ ትርጉሙ ማቃጠል ሲሆን ያለ ፈቃድ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ መግባት ማለት ነው።

ደራሲው ማሒ ቢንቢንና የፊልም ባለሙያው ነቢል አዩሽ በ2014 የከፈቱት «የሲዲ ሙመን ኮከቦች» የባህል ማእከል ከሁሉም ይልቅ ሊጠቀስ ይገባዋል። ሙዚቃ፣ ዳንስና ቋንቋ ይማሩበታል። ስለ ማእከሉ የሂፕ ሆፕ ክፍል የተሠራ ፊልም በ2021 በካን ፌስቲቫል ለዋናው ሽልማት ሲወዳደር፣ ተዋናዮቹ እዚያው ይማሩ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ።