«አንድ ጊዜ ትውለድ እንጂ!» ስለ ውሻና ድመት መራባት የሚባለውና እውነታው

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ከተማ፣ ጣና ዳር፣ ዓሣ የሚገፈፍበት ቦታ ሂዱ። አንጀቱና ጭንቅላቱ ወደ ጎን ሲወረወር ውሻውም ድመቱም ዳር ዳሩን ቆሞ ይጠብቃል። በየወሩ ደግሞ አዲስ ቡችላ ይጨመርበታል፤ ሴት ቡችላ በካርቶን አድርጎ ጥሎ መሄድ እዚህ የተለመደ ነው። እንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት ስሠራ ዓመታት አልፈውኛል። ጎረቤቶቼ «ዶክተር» ይሉኛል፤ አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። የሚጠይቁኝን ስሰማ አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ሰው ውሻና ድመትን የሚለካው በራሱ ገላ ነው። የእነሱ ገላ ግን የራሱ ሕግ አለው።

«ተጣብቀው ቀሩ፣ ለያዩዋቸው!»

በቀደም ዓሣ መሸጫው አጠገብ ሁለት ውሾች ጀርባ ለጀርባ ዞረው ቆመዋል። ልጆች ድንጋይ ለቅመዋል፤ አንዱ ጎረምሳ በጀሪካን ውኃ ቀድቶ እየሮጠ መጣ። እናቶች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ያልፋሉ። ሴቷ ትጮኻለች፤ የምትጮኸው ግን ወንዱ ድንጋይ ሲሸሽ እየጎተታት ነው።

ወንድ ውሻ ብልቱ ሥር እንደ ኳስ የሚያብጥ ክፍል አለው። ከገባ በኋላ ያብጣል፣ የሴቷም ጡንቻ ጨምቆ ይይዘዋል። ወንዱ አንድ እግሩን አሻግሮ ይዞርና እንደዚያው ይቆማሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እብጠቱ ሲረግብ ራሱ ይላቀቃል። በግድ ማላቀቅ ሁለቱንም ያቆስላል። እርግዝናውንም አያስቀርም፤ ዘሩ ያለበት ፈሳሽ አስቀድሞ ገብቷል፣ በኋላ የሚፈሰው በአብዛኛው ዘር የሌለበት የፕሮስቴት ዕጢ ፈሳሽ ነው። «ስልክ ያለው ደቂቃ ይያዝልኝ» አልኳቸው። በ18ኛው ደቂቃ ተለያዩና እየላሱ በየፊናቸው ሄዱ። ጀሪካን የያዘው ልጅ ውኃውን እግሩ ላይ ደፍቶ ታጠበበት።

«ደሟ ቆሟል፣ አለፈላት»

ይህ አባባል በከተማችን ስንት ቡችላ እንዳስወለደ ፈጣሪ ይወቀው። ሴቷ ውሻ ደም ስታሳይ ግቢው ይዘጋል፤ ደሙ ሲቀንስ በሩ ይከፈታል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሴት ልጅ የወር አበባ የሚመጣው ሳይፀነስ ሲቀር ነው፤ የውሻ ደም ግን የሚመጣው እንቁላሉ ከመለቀቁ በፊት ነው። በአማካይ 9 ቀን ገደማ ትደማለች፤ ወንዶች ይከተሏታል፣ እሷ ግን እየነከሰች ትመልሳቸዋለች። ቀለሙ ፈዘዝ ሲል ጅራቷን ወደ ጎን ሰብራ ትቆማለች። ፅንስ የሚያዘው ያኔ ነው፤ ይህም ሌላ 9 ቀን ያህል ይቆያል። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ጠብታ ጀምራችሁ 3 ሳምንት ሙሉ በሩን ዝጉ፤ አጥሩንም እዩት። ያረጀች መስላችሁም አትዘናጉ፦ ውሻ እንደ ሰው አታርጥም።

«ውሻ የምትወልደው በሦስት ወሯ ነው»

63 ቀን ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር እንዴት እንደሚቀል ተመልከቱ፦ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ሁለት ወር ከሦስት ቀን ማለት ነው። በጥምቀት፣ ጥር 11 የተሰረረች መጋቢት 14 አካባቢ ትወልዳለች። ጳጉሜን መሃል ከገባች ቀኖቿን መቀነስ አይረሳ። ወንዱ ዘር በውስጧ እስከ አንድ ሳምንት ሊኖር ስለሚችል ግን፣ ከስሪያው ቀን ሲቆጠር ከ57 እስከ 72 ቀን ሊለያይ ይችላል። የድመትም ከ63 እስከ 65 ቀን ገደማ ነው።

«ድመት ሌሊት ካለቀሰች ክፉ ወሬ አለ»

ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደ ሕፃን ስትጮህ የሚያማትብ ጎረቤት አለኝ። ወሬው ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ይደርሳል፤ አራት አምስት ግልገል ሆኖ። የወንድ ድመት ብልት ላይ ወደ ኋላ የተቀለበሱ ጥቃቅን እሾሆች አሉ፤ ሲወጣ ይቧጭራታል፣ ትጮኻለች፣ ዞራም በጥፍሯ ትመታዋለች። እንቁላሏን የሚያስለቅቀውም ይኸው ነው። ውሻ በራሷ ጊዜ እንቁላል ትለቃለች፤ ድመት ግን ባብዛኛው ካልተሰረረች አትለቅም። በዚያ ሌሊት ብዙ ጊዜ፣ ከብዙ ወንድ ጋር ትገናኛለች። ስለዚህ ባንድ ሆድ የወጡ ግልገሎች የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል። ውሻም እንደዚያው ናት።

ስለ ድመት ሌሎችም አሉ፣ ባጭሩ ልለፋቸው። «ገና ልጅ ናት» ይላሉ፤ በአራት ወሯ እንኳ ልትፀንስ ትችላለች። «እያጠባች አትፀንስም» ይላሉ፤ ግልገሎቿ ጡት ሳይተዉ ደግማ ታረግዛለች። «ወንድሟ ነው፣ አይነካትም» ይላሉ፤ ይነካታል። ኢንተርኔት ያነበቡት ደግሞ «ቀኑ ሲረዝም ብቻ ነው ወንድ የምትፈልገው» ይሉኛል። አውሮፓ ቢሆን ልክ ናቸው። ባሕር ዳር ላይ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ወሩ የትኛውም ሊሆን ይችላል።

«የሦስት ወሩን መርፌ ውጓት»

ለሴቶች የሚሰጠውን የወሊድ መከላከያ ማለታቸው ነው። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ውስጡ ያለው ሆርሞን የውሻዋን ማህፀን አወፍሮ መግል እንዲቋጥር ሊያደርግ ይችላል፤ ድመት ላይ ደግሞ ጡቷን ሊያሳብጥ ይችላል። ከድራት (ደም አይታ ወንድ ከምትፈልግበት ጊዜ) በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ውሻ ውኃ መጠጣት ካበዛች፣ ምግብ ከጠላች፣ ከብልቷም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ፣ በዚያው ቀን ይዛችሁ ሂዱ። ፈሳሹ ባይታይም የማህፀኑ በር ተዘግቶ መግሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የከፋው ይኸኛው ነው።

«የሀበሻ ውሻ ከነካት ዘሯ ይበላሻል»

ጀርመን ሼፐርድ አርብተው የሚሸጡ ሰዎች አባባል ነው። እያንዳንዱ ቡችላ ከአንድ እናትና ከአንድ አባት ነው፤ ያለፈው ዓመት ባል በዘንድሮው ቡችላ ድርሻ የለውም። ዘር የሚያበላሸውስ አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእህቱ እያገናኙ «ንጹሕ» ማለት ነው።

«ከተኮላሸ ሙክት ይሆናል፣ ሌባ ቢገባ አይጮህም»

ግማሹ እውነት አለው፦ ይወፍራል። ገላው የሚፈጀው ምግብ ስለሚቀንስ ነው፤ የምትሰጡትን ቀንሱለት። መጮህና ግቢ መጠበቅ ግን ከቆለጥ አይመጣም። የሚቀንሰው ሴት ፍለጋ አጥር ዘሎ መጥፋቱ ነው፤ የጠፋ ውሻ ደግሞ ለሌባ ምንም አያደርግም። ካርቶን ውስጥ ስለሚጣሉትም ልናገር፦ ሴት ውሻም ትጠብቃለች።

«አንድ ጊዜ ካልወለደች ትታመማለች»

እዚሁ ሽምብጥ ሰፈር ያሉ ጎረቤቴ ባለፈው ጠሩኝ። «ዶክተር፣ ውሻዬ እኮ ልጅ አምሯታል። እያት!» ውሻዋ ከእህል ጎተራው ሥር ጉድጓድ ቆፍራ፣ የሳቸውን አንድ እግር ሸበጥ አቅፋ ተኝታለች። ትልሰዋለች። እጄን ስዘረጋ አጉረመረመች። ጡቷን ጫን ሳደርገው ወተት ወጣ።

«ተሰርራለች እንዴ እትዬ?»

«ኧረ ወንድ አላየችም! ለዚህ እኮ ነው አንድ ጊዜ ትውለድ እንጂ የምለው። ሴት ሆና ሳትወልድማ…»

የውሻ ገላ ከድራት በኋላ፣ ብታረግዝም ባታረግዝም፣ ሁለት ወር ያህል እንደ እርጉዝ ነው የሚኖረው። ሆርሞኑ ሲወርድ ወተት ይመጣል፤ ቡችላ ከሌለ ሸበጥም ይሁን ኳስ ታሳድጋለች። ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት ራሱ ይተዋታል። ወተቱን አለማለብ ነው፤ በታለበ ቁጥር ይጨምራል። መውለዷ ይህን አያስቀረውም፤ በሚቀጥለው ድራት ይመለሳል። ለጤናዋም የሚጨምርላት ነገር የለም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ድራት በፊት በቀዶ ሕክምና የመከነች ውሻ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ ይቀንሳል፤ ማህፀኗ ከወጣም መግል የሚቋጥርበት ቦታ የለም። በትልልቅ ዝርያዎች ላይ ዕድሜውን ሐኪም ይወስን።

እትዬ ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ዛሬውኑ ውሰዳት» አሉ። አይሆንም፣ ወተቱ ይድረቅ አልኳቸው፤ በዚህ ጊዜ ማምከን የውሸቱን እርግዝና ሊያራዝመው ይችላል። ከሁለት ወር በኋላ ተሠራላት፤ ስፌቷም ደህና ነው። ሸበጡን ግን ደፍረው የወሰዱባት አይመስለኝም፤ ትናንት ሳያቸው በአንድ እግር ሸበጥ፣ በአንድ እግር ኮንጎ ጫማ ነበር የሚሄዱት።