«ፋይሉ ተበላሽቷል» አትበሉ፤ ስለ አሮጌ ሶፍትዌር ዳታ የሚወሩ ስህተቶች

ሥራዬ ከአሮጌ ሶፍትዌር ውስጥ ዳታ ማውጣት ነው። የሚደውልልኝ ቢሮ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይነግረኛል፦ «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ቫይረስ በልቶታል።» ማስረጃው ደግሞ ኖትፓድ ላይ ከፍተው ያዩት ነገር ነው። የተዘበራረቀ ምልክት፣ ነጠብጣብ ያለበት የፈረንጅ ፊደል፣ ባዶ ሳጥን። መስማቱ በጣም ሰልችቶኛል፣ ምክንያቱም በዚህ ሰበብ ደህና ዳታ ሲጣል አይቻለሁ።

«ምልክት ብቻ ከታየ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። ኖትፓድ የሚያውቀው ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ያንን ፋይል ግን ፕሮግራሙ የጻፈው ለራሱ ነው። በሄክስ ኤዲተር፣ ማለትም የፋይሉን ባይቶች አንድ በአንድ በቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም፣ ክፈቱትና የመጀመሪያዎቹን ባይቶች እዩ። እኔን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ በዲቤዝ ወይም በፎክስፕሮ፣ በድሮዎቹ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች፣ የተሠራ ዲቢኤፍ ፋይል ነው። የመጀመሪያው ባይት 03 ከሆነ ሜሞ (ለብቻው የሚቀመጥ ረጅም ጽሑፍ) የሌለው የዲቤዝ ዓይነት፣ 30 ከሆነ ቪዥዋል ፎክስፕሮ ነው። ቀጥለው ያሉት ሦስት ባይቶች ፋይሉ መጨረሻ የተነካበት ዓመት፣ ወርና ቀን ናቸው። ከዚያ በአራት ባይት የመዝገቡ፣ ማለትም የረድፉ፣ ብዛት ተቀምጧል። የመጀመሪያዎቹን 32 ባይቶች ስታልፉ የዓምዶቹ ስም በግልጽ ይነበባል፣ ለእያንዳንዱ ዓምድ 32 ባይት። ይህን ሁሉ በሥርዓቱ ይዞ የተቀመጠ ፋይል እንዴት ተበላሸ ይባላል?

አንድ የቁጠባና ብድር ማህበር ስሄድ ገንዘብ ያዥዋ የአባላቱን መዝገብ ከወረቀት እንደ አዲስ ስትጽፍ አገኘኋት። ፋይሉን ኤክሴል በሚመስለው ሊብሬኦፊስ ካልክ ላይ ከፈትኩት። የአባል ቁጥር፣ ቁጠባ፣ ቀሪ ብድር፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። የስም ዓምዱ ብቻ የፈረንጅ ምልክት ነበር። «ይኸው፣ አላልኩህም?» አለችኝ።

እሱም አልተበላሸም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ኮድ በሚሰጠው ስምምነት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የአማርኛ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደልን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። በአንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ቅጥያውን ለብቻው አድርጎ በዋናው ፊደል ላይ ደረበው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ኮድ ነው፤ ኮዱን «አበበ» አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ስለሌለ አይታይም እንጂ ስሙ እዚያው አለ።

መፍትሔው ይኸው፦ ፎንቱን ከአሮጌው ኮምፒውተር የፎንት ፎልደር ታወጣላችሁ፣ የትኛው ኮድ የትኛው ፊደል እንደሆነ ሰንጠረዥ ትሠራላችሁ፣ በወረቀት ካለው ስም ጋር እያመሳከራችሁ ወደ ዩኒኮድ ትቀይራላችሁ። ሁለት ኮድ የሚወስዱትን ፊደላት ቀድማችሁ ተኩ። አለዚያ ግማሹ ይቀየርና ቅጥያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። የወርድ ሰነድ ከሆነ ደግሞ ኖትፓድ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ኦሪጅናሉን እንዳትጥሉ። ሁለት ፎንት የሚጠቀም ከሆነ የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው ሰነዱ ብቻ ነው። ዲቢኤፍ ውስጥ የፎንቱ ስም እንኳ የለም። እባካችሁ ያንን አሮጌ ማሽን ፎርማት አታድርጉት!

«ኤክስቴንሽኑን ወደ ኤክሴል ብቀይረው ይከፈታል»

ስሙን ቀየራችሁ። ውስጡ ያው ነው።

«ኦንላይን የሚቀይር ሳይት አለ»

የሰው ደመወዝና ብድር ለማታውቁት ሰርቨር አትላኩ። በቃ።

«የተሰረዘው ጠፍቷል»

ዲቢኤፍ ላይ አይጠፋም። መዝገቡ ሲሰረዝ የመጀመሪያ ባይቱ ላይ የኮከብ ምልክት ይደረግበታል እንጂ «ፓክ» የሚባለው ትዕዛዝ እስኪሰጥ ድረስ እዚያው ይቆያል። በስህተት ለተሰረዘ ነገር ትልቅ ዕድል ነው። ግን ኮከቡን የማያይ መሣሪያ ከተጠቀማችሁ ድሮ የለቀቀ አባል ከነብድሩ ተመልሶ ይመጣል። ምልክቱን ለብቻው ዓምድ አድርጋችሁ አውጡት።

«ኤክሴል ላይ ከወጣ ሥራው አልቋል»

እንዲያውም ብዙ ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ነው። የአባል ቁጥር 000417 ዝም ብሎ 417 ይሆናል። ከ15 አኃዝ የሚረዝም የሂሳብ ቁጥር መጨረሻው በዜሮ ይተካል። የከፋው ቀኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር 30/02/1995 ጥቅምት 30 ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5፣ ማለትም 05/13/1995፣ ቀን ተቀድሞ በሚጻፍበት ማሽን ላይ እንዲሁ። እነዚህ ቢያንስ ዓይን ላይ ይወድቃሉ። 12/03/1995ን ግን ኤክሴል ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበለዋል፣ ማርች 12 ወይም ዲሴምበር 3 አድርጎ። ትክክለኛው ኅዳር 12 ነው፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2002። በዚህ ቀን ወለድ ያሰላ ሰው ምን እንደሚያገኝ አስቡት። ስለዚህ ሁሉንም ዓምድ እንደ ጽሑፍ አስገቡ፣ ቀኑን በኋላ ለብቻው ቀይሩ።

ከዚያ ቁጠሩ። ፋይሉ ራስጌ ላይ (በመጀመሪያዎቹ 32 ባይቶች ውስጥ) ያለው የመዝገብ ብዛት የተሰረዙትን ጨምሮ ካወጣችሁት ረድፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። የቁጠባውን ድምር ደግሞ አሮጌው ሶፍትዌር መጨረሻ ካተመው ሪፖርት ጋር አስተያዩ። ሁለቱም እስኪገጥሙ ድረስ አዲሱ ሲስተም ላይ ምንም አትጫኑ።