የመርዛማነት ምርመራ በትንሽ እንስሳ፣ ያለ እንስሳም፦ ጅማ ላይ ሆኖ ሲታይ

ጅማ ውስጥ ሆዱን ለቆረጠው ግራዋ፣ ምች ለመታው ዳማከሴ ይታዘዛል። ተመራማሪው ግን ሌላ ጥያቄ አለው፤ ቅጠሉ ስንት ሲሆን ይጎዳል? የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ኮሶ እንኳ ትል ቢያስወጣም፣ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

መልሱ ለረጅም ዘመን የተፈለገው ከአይጥ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ትሬቫን የተባለ እንግሊዛዊ ከተፈተኑት እንስሳት ግማሹን የሚገድለውን መጠን መለኪያ አደረገው። ለአንድ ንጥረ ነገር ብቻ በርካታ አይጦች ያልቁ ነበር። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሦስት መርሆች አቀረቡ፤ እንስሳን በሌላ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ስቃዩን ማቅለል።

ለጅማ ቀዳሚው መቀነሱ ይመስለኛል፤ ውድ መሣሪያ አይጠይቅማ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የድሮውን ዘዴ በ2002 ሰርዞታል። በድርጅቱ መመሪያ 425 መሠረት መጠኑ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ለአንድ እንስሳ ብቻ ነው። ከተረፈ ለቀጣዩ ከፍ፣ ከሞተ ዝቅ ይደረጋል። መርዝነቱ አነስተኛ ነው ተብሎ ለሚገመት ቅጠል አምስት እንስሳ ይበቃል።

ከአይጡ በፊትም ብዙ ማጣራት ይቻላል። የጨው ውሃ ሽሪምፕ ደረቅ እንቁላል ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሁለት ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የቅጠሉ ጭማቂ ይጨመርበትና በማግስቱ የሞቱት ይቆጠራሉ። ሽሪምፕም እንስሳ ነው፤ ግን ብዙ አይጦችን ያተርፋል። ለዓይን ደግሞ ከ1944 ጀምሮ ኬሚካል የሚንጠባጠበው ጥንቸል ዓይን ላይ ነበር። ጥንቸሏን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ዛሬ ቄራ ከታረደ በሬ የተወሰደ ዓይን ይሠራል፤ ጥርት ያለው የዓይኑ ሽፋን መደብዘዙ ይለካል። ዘዴው በ2009 ዓለም አቀፍ መመሪያ ሆኗል። በሬው የታረደው ለሥጋው ስለሆነ ለሙከራው ሲባል የሚሞት የለም። ጅማም ቄራ አላት።

ሕጉም እየተለወጠ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ ከ2013 ጀምሮ ከልክሏል። አሜሪካም በ2022 መጨረሻ አዲስ መድኃኒት የግድ በእንስሳ ይሞከር የሚለውን አንስታለች።

ከባዱ ነገር ጉበት ነው። የተዋጠን ቅጠል ጉበት ይለውጠዋል። አንዳንዴ ያከሽፈዋል፣ አንዳንዴ ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ያደርገዋል። ሳህን ላይ ያደገ ሴል ይህን ሁሉ አያሳይም። የዘር ለውጥ የሚያመጣ ኬሚካልን በባክቴሪያ የሚለየው የኤምስ ምርመራ ለዚሁ ሲባል የጉበት ጭማቂ ይጨመርበታል። ጭማቂው ግን ራሱ በአብዛኛው የሚገኘው ከአይጥ ነው።