ላቡቲክ ሲንዋ ምንድን ነው?

ላቡቲክ ሲንዋ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት በሞሪሺየስ በሚነገረው የክሪዮል ቋንቋ «የቻይና ሱቅ» ማለት ነው። በቆርቆሮ የተሠራ ቤት፣ ፊት ለፊት ባንኮኒ፣ ከጀርባ የባለሱቁ ቤተሰብ የሚያድርበት ክፍል። ሲጋራ በነጠላ፣ ዘይት በጥቂቱ እየተለካ የሚሸጥበት። እኔ ግን የደሴቲቱን የኢኮኖሚ ታሪክ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ሱቅ ነው።

እንግሊዞች በ1835 (እ.ኤ.አ.) ባርነትን ሲያስቀሩ የሸንኮራ እርሻውን ሥራ የያዙት በኮንትራት ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ቻይናውያኑ በአብዛኛው የመጡት ለንግድ ነው። ቀድመው ዋና ከተማዋ ፖርት ሉዊስ ላይ የሰፈሩት የካንቶንና የፉጂያን ሰዎች ሲሆኑ፣ ከ1860ዎቹ ወዲህ ከደቡብ ቻይናው ሜይሺያን አካባቢ ሃካ የሚባሉት ቻይናውያን ተከተሉ፤ በየሸንኮራ መንደሩም ገቡ። አዲስ መጪው ዘመዱ ሱቅ ተቀጥሮ ክሪዮል ይለምዳል፣ ያጠራቅማል፣ ከዚያ የራሱን ይከፍታል።

የሱቁ ልብ ካርኔ የሚባለው የዱቤ ደብተር ነበር። ሸንኮራ ሲቆረጥ ሥራ አለ፣ ገንዘብ አለ፤ ቆረጣው ሲያበቃ እጅ ያጥራል። ሆድ ግን ወቅት አይጠብቅም። ባለሱቁ ሩዙን፣ ምስሩን፣ ደረቅ ዓሣውን ሰጥቶ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል፤ ደመወዝ ሲገባ ይወራረዳሉ። የሚያውቁት መተማመን እንጂ የንብረት መያዣ አልነበረም። ባለሱቁም ቢሆን ዕቃውን ከፖርት ሉዊስ ጅምላ ሻጭ፣ ብዙ ጊዜም ከአገሩ ሰው፣ በዱቤ ነው የሚያነሳው። ባንክ ዞር ብሎ ያላየውን የእርሻ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ያቆየው ይህ የዱቤ ሰንሰለት ነው፤ ውለታው በሚገባ የተነገረለት አይመስለኝም።

አገሪቱ በ1968 ነፃ ስትወጣ ኑሮዋ በስኳር ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ1970 ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን ከቀረጥ ነፃ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ሐሳቡን በማፍለቅ ስማቸው የሚነሳው የቻይና ተወላጁ መሐንዲስ ኤድዋርድ ሊም ፋት ናቸው። የሆንግ ኮንግ ባለሀብቶችም የልብስ ፋብሪካ ይዘው መጡ፤ ከሞሪሺየስ ሆነው የመጠን ገደብ (ኮታ) ሳያግዳቸው ወደ አውሮፓ መላክ ይችሉ ነበርና። የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጠው የሰፉት ግን በአብዛኛው የሞሪሺየስ ሴቶች ናቸው።

ዛሬ ሱፐርማርኬቱ ብዙዎቹን ሱቆች አዘግቷል። በነጋዴነት ጀምረው ሚኒስትር የሆኑት የዣን አ-ቹን ፊት ግን በአገሪቱ የ25 ሩፒ ኖት ላይ ታትሟል፤ ሰው ዳቦ ሲገዛ ከኪሱ ያወጣዋል።