ጠጠር ጋን አይሸከምም

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ አንድ ወዳጄ አናደደኝ። የድሮ ጋዜጠኛ ነው። ዛሬ ለአንድ የዩቲዩብ ቻናል ርዕስ ይጽፋል። ሥራው ይኸው ነው፤ ርዕስ ብቻ። ስልኩን አውጥቶ የሳምንቱን ምርት አሳየኝ። ቀይ ቀስት አለ። እጇን አፏ ላይ የጫነች ተዋናይት አለች። ከሥሯ በቢጫ «ጉዷ ወጣ?!» ይላል። ከፈትኩት። 18 ደቂቃ ነው። 14ኛው ደቂቃ ላይ ጉዷ ወጣ፤ ቤት ቀይራለች።

«በዚች ነው እንዴ ያን ሁሉ የጮህከው?» አልኩት።

ሲኒውን ከአፉ ሳያርቅ «ምን ችግር አለው? ጋን በጠጠር ይደገፋል» አለኝ።

ርዕሱ ጋን ነው፣ መረጃው ጠጠር ነው ማለቱ ነው። የተቀመጡት ሳቁ። እኔን ግን ቡናው መረረኝ። ማጋነኑን ለምጄዋለሁ። ለማጋነኑ ተረት መበደሩ ነው ያንገበገበኝ።

ተረቱን «ትልቁም የትንሹ እገዛ ያሻዋል» ብሎ መፍታት ቀላል ነው፤ ማንም ያውቀዋል። ሰው የረሳው ጋኑን ነው። አሁን አሁን ጠላው በፕላስቲክ በርሜል ይጠመቃል። በርሜል ጠጠር አይፈልግም፤ ቂጡ ጠፍጣፋ ነው።

አያቴ ቤት፣ ሰሜን ሸዋ፣ ሦስት ጋኖች ነበሩ። ጓዳ ውስጥ ተደርድረው ይቆማሉ። ለልጅ ዓይን እንደ ሽማግሌ ናቸው፤ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ አንገታቸው አጥሮ፣ ዝም ያሉ። የጋን መቀመጫ ሞላላ ነው። የጓዳው ወለል ደግሞ አፈር ነው። በእበት ተለቅልቆ ቢደላደልም እዚህ ጎድጎድ፣ እዚያ ጉብ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱ ትንሽ ይጫራል። በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነው ጋን እዚያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አያቴ አንገቱን በሁለት እጇ ይዛ ነቅነቅ ታደርገዋለች። ወደ የት እንደሚያዘነብል ታያለች። ጠጠር የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው።

ጠጠር ፈላጊው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ያመጣሁላት ከወንዝ ዳር የለቀምኩትን ነው። ነጭ፣ ልሙጥ፣ እንቁላል የመሰለ። እኔ ለቁንጅናው ነበር የመረጥኩት። አገላብጣ አየችውና «ይኼ ይንከባለላል የኔ ጌታ፤ ጠፍጣፋ አምጣልኝ» አለችኝ። ሁለተኛውን ሽቅብ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አስገባችው። ጋኑን እንደገና ነቀነቀችው። ቀጥ አለ። እንደዚያ ቀን ለቤቱ የጠቀምኩ መስሎኝ አያውቅም።

ይኼ ሁሉ የሚሆነው ጋኑ ባዶ ሳለ ነው፤ ድካሙ ግን ሊሞላ ለታሰበው ጠላ ነው። ጥንስሱ ይጠነሰሳል፣ ድፍድፉ ይገባል፣ ውሃው ይሞላል፣ አፉ ተከድኖ ይመረጋል። ሞልተሽ ከጨረስሽ በኋላ ጠጠር ፍለጋ ብትወጪ ገል ለቅመሽ ነው የምትገቢው። ምንም የማይሞላበት ጋን ከሆነ ደግሞ ጠጠር የሚፈልግለት የለም። አፉን ደፍተው ጥግ ያስይዙታል።

አሁን ስለ ተረቱ አመጣጥ የራሴን ልናገር። አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ጋኑ መኳንንቱ ነው፣ ጠጠሩ ባላገሩ ነው ይሉሃል። ተረቱ ከግብር አዳራሽ የወጣ ያስመስሉታል። አልቀበልም። አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ጠላው በዋንጫ ይመጣለታል፤ ጋኑ በምን እንደቆመ በየት በኩል ያያል? ይኼ የጓዳ ተረት ነው። ሴቶች ናቸው ያወጡት። እንዲያውም የወጣው ጠጠር አምጣ ተብሎ የተነጫነጨ ልጅን ለማባበል ነው ባይ ነኝ። «ትንሽ ነኝ አትበል፤ ጋን እንኳ በጠጠር ይደገፋል» ተብሎ። ማስረጃ ካላችሁኝ አያቴን ነው የምጠራው፤ እኔን ያለችኝ እንደዚያ ነው። «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» የሚለውም ከዚያው ጓዳ ሳይወጣ አይቀርም። ስለ ዘንድሮ ርዕስ ጸሐፊዎች የተነገረ የሚመስለኝ ቀን አለ።

ያ ጓዳ ሌላም ነገር ነበረው። ግድግዳው በጋዜጣ ተለጥፎ ነበር። አጎቴ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጠቅልሎ ያመጣል፤ አያቴ በዱቄት ሙጫ ትለጥፈዋለች። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከወጣ ወዲህ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈልቶ ነበርና ግድግዳችን ወረቀት አልቸገረውም። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ትልልቁ ከሩቅ ይነበባል። ትንሹን ለማየት በርጩማ ላይ እወጣለሁ። ስወጣ ደግሞ «ወደ ገጽ 11 ዞሯል» ይላል። ገጽ 11 ሙጫ ተቀብቶ ወደ ጭቃው ዞሯል።

ከመሐለኛው ጋን ጀርባ አንድ ርዕስ ነበር። ጋኑ ጫፉን ይሸፍነዋል። የሚታየው «የሞተው ሰው በሠልስቱ ቤቱ መጣ» የሚለው ነው። አመንኩት። ለእረኛ ጓደኞቼ ሁሉ ተናገርኩ። ጎረቤት ሰው ሲሞት በሦስተኛው ቀን በር በሩን እያየሁ ራት አልበላ ብዬ አያቴን አስቸግሬያታለሁ።

በኋላ ከተማ ገብቼ የዚህን ሙያ አሠራር አየሁት። አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ ሲነበብ፣ አዟሪው ርዕሱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ያጥፈዋል። ርዕሱ በነፃ ነው፣ ውስጡ ይከፈልበታል። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ኩርምት ብሎ የተቀመጠው ሰውዬ ቶሎ ቶሎ ገጽ 11 ይገልጣል። ሦስት መስመር ያነባል። አጥፎ ይመልሳል። አዟሪውን አይወቅሰውም፤ ነገ ተመልሶ ይመጣላ።

የዚህ ነገር አለቆች ግን እንግሊዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1986 «ዘ ሰን» የተባለው ጋዜጣ ፊት ገጹ ላይ በትልልቁ «ፍሬዲ ስታር ሃምስተሬን በላ» ብሎ ወጣ። ፍሬዲ ስታር ኮሜዲያን ነበር። ሃምስተር ደግሞ ልጆች በሽቦ ቤት የሚያሳድጓት አይጥ መሳይ ናት። ዳቦ መሐል አድርጎ በላት ነው ክሱ። ሰውየው አልበላሁም ሲል ኖሮ በ2019 ሞተ። የሞቱ ዜና ላይም ሃምስተሯ አብራ ወጣች። ልብ በሉ፣ እዚያ ርዕስ ላይ ጥያቄ ምልክት እንኳ የለም። ጋኑ ያለ ጠጠር ነው የተገተረው።

የእኛዎቹ ቢያንስ ጠጠር ያደርጋሉ። «ተባለ» አንድ ጠጠር ነው። «ምንጮች ጠቆሙ» ሌላ ጠጠር ነው። ዋናው ግን ጥያቄ ምልክት ነው። ኢያን ቤተሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኛ በ2009 እ.ኤ.አ. በጥያቄ ምልክት ለሚያልቅ ርዕስ ሁሉ መልሱ «አይደለም» ነው አለና ሕጉ በስሙ ተጠራለት። የአራት ኪሎ ተከራይ አንባቢ ቀድሞት ያውቀው ነበር፤ ስም ያወጣለት አጣ እንጂ።

ወዳጄን ያልኩትም ይኸንኑ ነው። ጠጠር ጋን አይሸከምም። የሚሸከመው መሬቱ ነው። ጠጠሩ የሚይዘው የሞላው ጋን እንዳይዘም ነው። አንተ ግን መሬት የለህም፣ ጠላ የለህም፤ ጋኑን አየር ላይ አቁመህ ጠጠር ታሳየኛለህ። ደግሞ መቀለድህ ከሆነ ጽሕፈታችን መላ አለው። ትእምርተ ስላቅ ይባላል፤ ቃለ አጋኖውን መገልበጥ ነው። «ጉዷ ወጣ¡» ብለህ ጻፍ። አንባቢው ስቆ ያልፍሃል፣ ተዋናይቷም ቤቷን በሰላም ትቀይራለች።

«እንደዚያ ከጻፍኩ ማን ይከፍተዋል?» አለኝና ሁለተኛ ሲኒ አስቀዳ።

አያቴ ያረፈች ጊዜ ለተዝካሯ ጠላ ሊጠመቅ ጓዳው ተስተካከለ። መሐለኛውን ጋን ከቦታው አነሣነው። ከሥሩ ያቺ ጠፍጣፋ ጠጠር ወጣች፤ እስከ ወገቧ መሬት ውስጥ ሰጥማለች። ከጀርባው ወረቀቱ ረጥቦ፣ ደርቆ፣ ቡናማ ሆኗል። ርዕሱ ግን ይነበባል። ጋኑ ይሸፍነው በነበረው ጫፍ ላይ፣ የጡጫዬን የሚያህል ጥያቄ ምልክት አለ።